ካርድ ያልወጣለት አልአዛር

ወንድሜ አልአዛር ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከቡና መጋዘን ወደ ሆስፒታል በሚወስደው ባጃጅ ውስጥ ሞተ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። እኔ ትዝታ ሚዛን አጠገብ አማን ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ የሕሙማን መረጃ አያያዝ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ሙያ ነው። ስለ እርሱ ስጽፍ ቀንና ሰዓት ባበዛ አይፈረድብኝ፤ ሌላ አጻጻፍ አላውቅም።

የተወለድነው ሸዋ ቤንች ነው። አባታችን ሲሞት እናታችን በየነች ሁለታችንን ይዛ ሚዛን ገባች። እኔ ትምህርቴን ቀጠልኩ፤ አልአዛር ግን ከአሥረኛ ክፍል ወጥቶ ከጫኝና አውራጆች ጋር ተቀላቀለ። ለምን ተውከው ስለው፣ «አንቺ ወረቀት ተሸከሚ፣ እኔ ጆንያ እሸከማለሁ፤ እናያለን ማን ቀድሞ እንደሚጎብጥ» ይለኝ ነበር። ጆንያ የሚሸከመው በቀኝ ትከሻው ብቻ ነው። የሸሚዞቹ ሁሉ ቀኝ ትከሻ ቀድሞ ያልቃል፤ እማዬ ከሌላ ጨርቅ ቆርጣ ትጥፍለታለች፤ እርሱም ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ እሑድ ከመዘምራን ጋር ይቆማል። ድምፁ ወፍራም ነበር። መጋዘን ውስጥም ይዘምራል ይሉኛል፤ መኪና ላይ ሲወጣ ብቻ ዝም ይላል፤ ከታች ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል።

ኅዳር ሁለት ቀን ከሥራ መጥቶ እግሩን ሳይታጠብ ተኛ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። በማግስቱ ሰውነቱ ጋለ።

እኛ አገር ትኩሳት የሦስት ቀን ነገር ነው። ወባ ይባላል፤ ኪኒኑ ለሦስት ቀን ይዋጣል፤ በአራተኛው ቀን ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል። የመጋዘኑ ሰዎች የፈቃድ ደንብ ራሱ በዚህ የተለካ ነው። ሦስት ቀን ለቀረ ማንም አይጠይቀውም። በመኸር ወቅት ከሁለት ሳምንት በላይ የቀረ ግን ተራውን ለሚቀጥለው ሰው ይለቅና እስከሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃል።

ኅዳር አራት ወደ ጤና ጣቢያው አመጣሁት። የፊት ለፊቱ በር ላይ ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ ነበር። ያለ ካርድ ማንም እንዳይገባ የምከለክለው እኔ ነኝ፤ አንዲት አሮጊት ካርዳቸውን ረስተው ሲመጡ ወደ ቤት የመለስኩበት ቀን አለ። ወንድሜን ግን ካርድ ሳላወጣለት በኋላ በር አስገባሁት። የሠራተኛ ቤተሰብ በዚያ ነው የሚገባው፤ ክፉ ነገር ነው ብለን አስበን አናውቅም። ዘበኛው ጋሽ አስረስ በሩን እየከፈቱለት፣ «ጎበዝ፣ የጆንያ ጌታ! ዛሬ አንተን ማን ተሸክሞ አመጣህ?» አሉት።

«እህቴ ናት፣ ጋሽ አስረስ። ቀላል ነኝ ብላ ነው።»

የደም ምርመራው ወባ የለም አለ። ነርሷ ግን ወቅቱ ነው ብላ የወባ ኪኒኑን ሰጠችው። ውጤቱ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ነበር፤ ወረቀቱን ኪሱ ከተተው፤ እማዬ ሱሪውን ስታጥብ ሟሟ።

ኪኒኑ አለቀ፤ ትኩሳቱ አልወረደም። ኅዳር ዘጠኝ ቀን ጉሮሮው ተዘጋ። እማዬ ጎደሬ ቀቅላ፣ አላምጣ ማጉረስ እስኪቀራት ድረስ አድቅቃ ብትሰጠው መዋጥ አቃተው። አፉን ከፍቶ አሳየኝ፤ ከእንጥሉ ግራና ቀኝ ነጭ ነገር ለብሷል። መዘምራኑ ለቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ሲለማመዱ ስለ ሰነበቱ ከመዝሙር ብዛት ነው አሉ። በዚያው በር አስገባሁት። ያየው ሌላ ባለሙያ ነው፤ አሞክሳሲሊን አዘዘለት። ስለ ትኩሳቱ አልጠየቀውም፤ የሚያነበው ነገር ፊቱ አልነበረም።

ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን ጠዋት ደረቱና ጀርባው በቀይ ሽፍታ ተሞላ። ሦስተኛዋ ባለሙያ፣ «መድኃኒቱ አልተስማማህም፣ ተወው» አለችው። እርሷም ስለ ጉሮሮው አልሰማችም። እኔ ከጎኑ ቆሜ ነበር። መናገር እችል ነበር። ከካርድ ክፍል እየጠሩኝ ስለነበር ቶሎ እንድትጨርስለት ብቻ ነው የፈለግሁት።

አንገቱ ከኋላ በኩል፣ ከጆሮው በታች፣ እንደ ባቄላ የተደረደሩ እብጠቶች ነበሩት። ትራሱ ነው አልን። ዐይኑ ጠዋት ጠዋት ያብጣል። እንቅልፍ ነው አልን። እማዬ ሆዱን በዘይት ስታሸው ከግራ ጎድኑ በታች ጠንካራ ነገር አገኘች። «ጣፊያው ነው» አለች ሳትደነግጥ። እዚህ ወባ እየያዘው ያደገ ልጅ ሁሉ ጣፊያው አብጦ ያውቃል፤ የእኔም አብጦ ነበር።

የጫኞቹ አለቃ ጋሽ ሙሴ ኅዳር አሥራ ሰባት ቀን ሊጠይቀው መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ተረከዙን ቆነጠጠው።

«አንተ፣ ወባ ነው ወይስ ጫጉላ? አሥራ አምስት ቀን እኮ ነው!»

«ትኩሳቱስ ዛሬ ለቆኛል፣ ጋሽ ሙሴ። አቅም ነው የሌለኝ። ከአልጋ እስከ በር ስሄድ ማጂ ደርሼ የተመለስኩ ይመስለኛል።»

«አቅም ተኝተው አያገኙትም። እኔ እስከ ነገ ወዲያ ያዝኩልህ። ከዚያ በላይ ልጆቹ እኔኑ ያወርዱኛል። ተራህን ለሰው ብሰጥ ደስ ይለኛል እንዴ?»

«ይመጣል» አለች እማዬ።

«አንድ ሳምንት ይተኛ» አልኩ እኔ።

«ሐኪም አዝዞለታል?» ሲል ጋሽ ሙሴ ወደ እኔ ዞረ። «የእረፍት ወረቀት ካለው አምጪና እኔ እከራከርለታለሁ።»

ወረቀት አልነበረውም። የእረፍት ወረቀት የሚጻፈው ከካርድ ላይ ነው።

ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ቀን ሄደ። ቀኝ ትከሻው የተጣፈውን ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ከስድስት ሰዓት በኋላ ስልክ ደወለልኝ። ከሰው ተቀብሎ ሊሸከም ሲያጎነብስ ጆንያው አምልጦ ግራ ጎኑን እንደመታው ነገረኝ።

«ጎንህን ያምሃል?»

«ጎኔስ ተሻለኝ። ትከሻዬ ነው የሚወጋኝ፣ የግራው። ጋሽ ሙሴ እያሸልኝ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ፤ ጋሽ አስረስ በራችንን እንዳይዘጉ ንገሪያቸው።»

«እሺ፣ ና» አልኩት።

የጆንያ ሰው ትከሻዬን አመመኝ ሲል ማን ይደነግጣል? ግን የግራው ብሎኛል። በግራው ተሸክሞ አያውቅም። ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስልኩን ዘግቼ ፋይል መደርደሬን ቀጠልኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከንፈሩ ነጣ፣ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው። ጋሽ ሙሴ ተሸክሞ ባጃጅ ውስጥ ካስገባው በኋላ አልተናገረም።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ናት። ሆዱ ደም ሞልቶ እንደነበር፣ ጣፊያው ሳይፈነዳ እንዳልቀረ ነገረችኝ። ከዚያ ትጠይቀኝ ጀመር። ትኩሳቱ ስንት ቀን ቆየ? ጉሮሮውስ? አንገቱ ከኋላ አብጦ ነበር? አሞክሳሲሊን ወስዶ ሽፍታ ወጣበት? ዛሬስ የግራ ትከሻውን አመመው? ለሁሉም አዎ አልኩ፤ እያንዳንዱን ከነቀኑ።

«ሞኖኑክሊዎሲስ የሚሉት ሊሆን ይችላል» አለች። «በምራቅ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ ወጣቶችን ይይዛል። ብዙውን ጊዜ በራሱ ይድናል። ግን ጣፊያን ያሳብጣል፤ ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላም ለሳምንታት ከባድ ነገር ማንሣት አይገባም። የግራ ትከሻውን ያመመው ጣፊያው ከውስጥ ሲደማ ነው። ምርመራ ስላልተደረገ፣ በሽታው ይህ ነው ብዬ መፈረም አልችልም። የጤና ጣቢያው ካርዱ የታል? አንድ ላይ ቢታይ…»

ካርድ የለውም አልኳት። የት እንደምሠራ አልነገርኳትም።

ከለቅሶው በኋላ ሥራ ስገባ አንድ ባዶ ካርድ አንሥቼ ስሙን ልጽፍ ነበር። ኅዳር አራት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ሦስት፤ ቀኖቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ለሞተ ሰው ካርድ እንደማይወጣ የሚያዘውን ደንብ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ራሴ ነኝ። ካርዱን መለስኩት።

ባለፈው ማክሰኞ ጋሽ አስረስ ልጃቸውን ሰርካዲስን በኋላ በር ይዘዋት ገቡ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አንገቷን በነጠላ ጠቅልላለች።

«ጉሮሮዋን ነው፣ ትዝታ ልጄ። ቶሎ የሚያይልኝ ሰው ፈልጊልኝ።»

«ካርድ ታውጣ፣ ጋሽ አስረስ። በፊት በር ትሰለፍ።»

የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። ቀጥሎ ፊታቸው ተለወጠ። «እኔን ነው? ለወንድምሽ ይህን በር ስከፍት ካርድ ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ?»

«አልጠየቁትም» አልኩ።

የልጃቸውን እጅ ይዘው ወጡ። ሰላምታ ከለከሉኝ፤ እስከ ዛሬም አልመለሱልኝም። ሰርካዲስ ግን ዞራ በፊት በር ተሰለፈች፤ ሠላሳ አንደኛ ነበረች። መስኮቱ ጋ እስክትደርስ ሁለት ሰዓት ፈጀባት። ስሟን፣ ዕድሜዋን ጻፍኩ። ትኩሳቱ ከጀመራት ስንት ቀኗ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ ያንን መጠየቅ የእኔ ሥራ አይደለም።

«አምስት» አለች፣ ምራቋን በግድ እየዋጠች።

አምስት ብዬ ጻፍኩ።