የኬረላ ሰው እሺ ሲል

ልጄ ህንድ ልትሄድ መሆኗን የነገረችኝ ምስር እየለቀምኩ ነው።

"እማ፣ ኬረላ ልሄድ ነው" አለች።

የሰው ስም መሰለኝ። "ማን ናት?" አልኳት።

ኬረላ ደቡብ ህንድ ያለ ክልል ነው። ልጄ ሳን ሆዜ አብራት የምትሠራ ጓደኛ አለቻት፤ ቤተሰቧ ከዚያ የመጡ ናቸው፣ አሁን ፍሪሞንት ይኖራሉ። የጓደኛዋ እናት በቫኬሽን ሁለቱንም ይዛ ወደ አገሯ፣ እናቷ ቤት ልትወስዳቸው ነው። ቪዛው ወጥቷል። ቲኬቱ ተቆርጧል። የቀረው የእኔ ዱዓ ነው።

ልጄ እዚሁ ኦክላንድ ነው ያደገችው። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። ሶላት ላይ ሰነፍ ናት። ያለ ዱዓ ግን የትም ሄዳ አታውቅም። ለፈተና፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሥራ ኢንተርቪው እኔ እጄን እዘረጋለሁ፣ እሷ አሚን ትላለች፣ ከዚያ ትሄዳለች። ያስለመድኳት እኔ ነኝ። እንግዲህ አሁን ዱዓዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ሌላ እሷን የምይዝበት ነገር የለኝም። ሥራ ያላት ሴት ናት፣ በር አይቆለፍባትም።

ልታግባባኝ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። መጀመሪያ የሻይ ተራራ አሳየችኝ። ተራራው በሙሉ እንደ ጸጉር ተከርክሟል። ጥሩ ነው አልኩ፤ ተራራ ባለበት ይቆማል። ቀጥሎ ፊቱን አረንጓዴ የተቀባ፣ እንደ ድንኳን የተነፋ ቀሚስ የለበሰ ሰውዬ መጣ።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ዳንስ ነው እማ። ካታካሊ ይባላል። ሜካፑ ብቻ ስንት ሰዓት ይፈጃል።"

"ታሞ አይደለም?"

"ኖ፣ እማ!"

"ቤተሰቦቹ ያውቃሉ?"

ከእሱ በኋላ ለበዓል ያጌጠ ዝሆን መጣ። ከእኔ የተሻለ ወርቅ አለው። እሱንም አለፍኩት። ከዚያ ጀልባው መጣ።

ጀልባ ይሉታል እንጂ ቤት ነው። ጣሪያው ሣር የመሰለ ነገር ነው፤ አልጋ አለው፣ ኩሽና አለው፣ መስኮቱ መጋረጃ አለው። ድሮ ሩዝ ይጭኑበት ነበር አለችኝ፤ አሁን ቱሪስት ይጭኑበታል። ግራና ቀኙ የኮኮናት ዛፍ ነው። ከሥሩ ግን ውሃ ነው። የማያልቅ ውሃ።

"እዚህ ላይ እናድራለን" አለች።

"ዋና ትችያለሽ?"

"እማ፣ የምተኛው አልጋ ላይ ነው፣ ለምን እዋኛለሁ?"

ታናሽ እህቴን ቦርከና ነው የወሰዳት። ክረምት ነበር፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ከገበያ ስንመለስ። ልጄ ታውቃለች፤ አንድ ጊዜ ነግሬያታለሁ፣ ሁለተኛ አልነግራትም። ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠችውና "ቢያንስ እናቷን አግኚያት" አለችኝ።

እሑድ ፍሪሞንት ሄድን። ሴትየዋ በሩ ላይ ተቀበለችኝና "ቼቺ" አለችኝ። ልጄን ጠየቅኳት። በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው አለች። ታላቅ ያለችኝ በምን እንደሆነ አላውቅም፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ሸብታለች።

ምግቡን በሙዝ ቅጠል ላይ አቀረበችልን። እኛ በኮባ ዳቦ እንጋግራለን፣ እነሱ ቅጠሉን ሳህን ያደርጉታል። እኔ የምሠራው የአረጋውያን ቤት ኩሽና ውስጥ ነው፣ ሳህን አጥባለሁ፤ የማይታጠብ ሳህን ሳይ ደስ አለኝ። ሥጋ የለውም፣ ስለዚህ ስለ ሐላሉ አልተጨነቅኩም። ሁሉም ኮኮናት አለበት። ጎመኑ ኮኮናት አለበት፣ ዱባው ኮኮናት አለበት፤ ሴትየዋ ስታቅፈኝ ጸጉሯም ኮኮናት ኮኮናት ይላል። የሚበላው በቀኝ እጅ ነው። እዚህ ላይ ልቤ ትንሽ አረፈ።

ልጆቹ ልብስ ሊያዩ ወደ ላይ ወጡ። ሁለታችን ቀረን። የእሷም እንግሊዝኛ የእኔም እንግሊዝኛ ብዙ አይደለም፤ ቃል በቃል አስቤ ነው የጠየቅኳት።

"ልጄን እንደ ልጅሽ ትጠብቂልኛለሽ?"

ፈገግ አለችና ራሷን ወዲያና ወዲህ ነቀነቀች። እኛ ዘንድ ራሱን እንዲህ የነቀነቀ ሰው እምቢ ብሏል። አልሰማችኝ ይሆናል ብዬ ደገምኩ።

"ውሃው ላይ አብረሻት ትሆኛለሽ?"

አሁንም እየሳቀች፣ ከበፊቱ በበለጠ ነቀነቀችው። በገዛ ቤቷ፣ ካበላችኝ በኋላ፣ እየሳቀች እምቢ አለችኝ።

"በጣም ፈርተሻል?" አለችኝ።

እኔም እንደ አገሬ ደንብ መለስኩላት። እኛ አዎ ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። ሳብ አደረግኩ። ሴትየዋ ደንግጣ ከወንበሯ ተነሣች። "መተንፈስ ትችያለሽ?" አለችኝ። አዎ አልኳት፤ ሳብ። ይሄኔ ባሏን ጮኻ ጠራችው። ባልየው የደም ግፊት መለኪያ ይዞ መጣ። ክንዴን ሰጠሁት። እምቢታው ጸጽቷቸው ነው ብዬ ነው።

መኪና ውስጥ ገብተን ፍሪዌዩ ላይ ወጣን።

"አልቋል" አልኳት ልጄን። "ሴትየዋ አልጠብቅልሽም ብላኛለች።"

"ዋት? ምን ብላ?"

እንዴት እንደነቀነቀች አሳየኋት። ልጄ መሪውን ይዛ መሳቅ ጀመረች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "እማ፣ እሱ እኮ የኬረላ እሺ ነው! እሺ፣ እሺ፣ እሺ ነው ያለችሽ!"

አልሳቅኩም። ምላስ ይዋሻል ሲባል ሰምቻለሁ፣ አንገት ግን እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም።

በዚህ መሀል ስልኩ ጠራ። ሴትየዋ ናት፤ ድምጿ በመኪናው ስፒከር ገባ። ሳቋ የለም። "እናትሽ ደረቷን ታማለች" አለቻት ልጄን። "ትንፋሿ ይቆረጣል። እንዲህ የታመመች እናት ጥላ የምትሄድ ልጅ ይዤ አልሄድም። ቲኬትሽን መልሺው።"

ልጄ አየችኝ። ሳቋ ጠፋ። እኔ ዝም ብል ጉዳዩ አልቆ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ባስል፣ ልጄ ኦክላንድ ትቀራለች፣ ጀልባው ያለ እሷ ይሄዳል። ሳሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶልኝ ነበር።

ግን ሴትየዋን አሰብኳት። ያቀዱትን ጉዞ የምታበላሸው ለእኔ ትንፋሽ ፈርታ ነው። ደፋር ሰው ልጅ ይረሳል፣ ልጅ የሚጠብቅ ፈሪ ነው።

"ተመለሺ" አልኳት ልጄን።

"ዌር?"

"ፍሪሞንት። ሴትየዋ ቤት።"

ሴትየዋ በሩን ስትከፍት የባሏን የግፊት መለኪያ ይዛ ነበር። ኩሽና አስገባችን፤ ልጄ አስረዳቻት፦ ይህ የእኛ አዎ ነው፣ ያ የእናንተ እሺ ነው። ሴትየዋ አፏን በእጇ ይዛ ኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ አለች፤ ሳቅ ነው ያስቀመጣት። ከዚያ እኔ ሳብ ማድረግ አስተማርኳት፣ እሷ አንገት አስተማረችኝ። የእኔ አልወጣልኝም። አንገቴ እምቢ ለምዷል።

"እኔም እፈራለሁ፣ ቼቺ" አለችኝ በኋላ። "ልጄ እናንተ ቤት ስትመጣ እስክትመለስ እንቅልፍ የለኝም።"

"እኛ ቤት ምን አለ?"

"ኦክላንድ ነዋ! ኒውስ አያለሁ፤ በየቀኑ ተኩስ ነው።"

"እኔም ጀልባውን አይቻለሁ" አልኳት።

ተያየን።

ልጆቹን ጠራኋቸውና እዚያው ቆመን እጄን ዘረጋሁ። ልጄም ዘረጋች። ሴትየዋ በእነሱ ልማድ መዳፎቿን ገጥማ ቆመች፤ አልከለከልኳትም።

"ያ አላህ፣ እነዚህን ልጆች በሰላም ወስደህ በሰላም መልሳቸው።"

"አሚን" አለች ልጄ።

"ከበሽታ፣ ከክፉ ሰው ጠብቃቸው።"

"አሚን።" አሁን ሴትየዋም አለች።

"ያ አላህ፣ ልጄ ጀልባው ላይ እንዳትወጣ አድርግልኝ።"

ልጄ አሚን አላለችም። እጇ እንደተዘረጋ ነው።

"እማ" አለች፣ ቀስ ብላ፣ በአማርኛ። "እሱ ዱዓ አይደለም። ሩል ነው።"

ፍሪጁ ይጮኻል። ክንዴ እየዛለ መጣ፣ ግን ዱዓ ተጀምሮ እጅ አይወርድም።

"ከወጣችም" አልኩ፣ "አንተ በሰላም አውርዳት።"

ልጄ ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ "አሚን" አለች።