ለበረዶ ተራራ የሚሆን ጫማ

በተራራ ዕቃ መሸጫችን ብዙ ሰው አስተናግጃለሁ፤ እንደዚያ ሰውዬ ጫማ የሚመረምር ግን አላየሁም። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይሆናል። ካፖርታቸው ያረጀ ቢሆንም ንጹሕ ነው፤ ሲራመዱ ግራ እግራቸውን ትንሽ ይጎትታሉ።

ቀለል ያለውን ጫማ ሳሳያቸው ሶሉን በሁለት እጃቸው ያዝ አድርገው አጠፉት። ታጠፈላቸው። “ይኼ ለሜዳ ነው” ብለው መለሱልኝ። ጠንካራውን ሲያገኙ የውስጥ ሶሉን አወጡና ከኪሳቸው ወረቀት ዘርግተው ላዩ ላይ አስቀመጡት። ወረቀቱ ላይ የሴት እግር ቅርጽ በእርሳስ ተነድፏል።

“ከፊት አንድ ጣት ያህል ይትረፍ፤ ቁልቁል ስትወርድ ጥፍሯን እንዳይመታት” አሉ።

“ልጅዎ ናት?”

“የወንድሜ ልጅ ናት። በረዶው ላይ ልትወጣ ነው አሉ። ልኳን እናቷ ናት ደብቃ የሰጠችኝ።” ጫማውን አገላበጡት። “አባቷ አብሮኝ ሲወጣ ስስ ጫማ ነበር ያደረገው። ‘ለአንድ ቀን መንገድ ምን አለው’ ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ሁለት የእግር ጣቴን ለበረዶው ሰጥቼ ወረድኩ፤ እሱ በዚያው ቀረ።”

ጫማውን አሽጌ፣ ቤቷ ድረስ እንዲላክ አድራሻዋን ጻፍኩና የላኪውን ስም ጠየቅኋቸው።

“ስም አትጻፍ፣ ልጄ” አሉኝ። “ከእኔ መሆኑን ካወቀች በባዶ እግሯ ትወጣለች እንጂ አታደርገውም።”