ተተኪዎቹ

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ለስብሰባ ተጠርቼ ብሄድ፣ መድረኩ ላይ «ተተኪ ሴት መሪዎች» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ፀጉሬ መሸበት ጀምሯል፤ ዛሬም ተተኪ ነኝ። ይህን ቃል ሳይ ደሜ ይፈላል።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ቡሬ አጠገብ ገጠር አስተምር ነበር። ታኅሣሥ ላይ ከአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዷ፣ ጥሩዬ፣ ከትምህርት ቀረች። ቤቷ ስሄድ እናቷ ፊቴን ሳያዩ ለጥር እንደምትዳር ነገሩኝ። ልጅቷ በርበሬ እየለቀመች «ቲቸር፣ መቀመጫዬን ለሌላ እንዳይሰጡብኝ» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን የሴቶች ማኅበራችን ፍኖተ ሰላም ስብሰባ ነበረው። መንገድ ዳር የተሰጣው በርበሬ ሽታ በአውቶቡሱ መስኮት እየገባ ሲያስነጥሰን፣ የምናገረውን በልቤ እደጋግም ነበር። ሰው ፊት መናገር እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ሊቀመንበራችን ወይዘሮ ብርነሽ በወጣትነታቸው ለመሬት ላራሹ ተሰልፈው የታሰሩ ሴት ናቸው። አከብራቸው ነበር። ስለ እኩልነት ተናግረው ሲጨርሱ እጄን አወጣሁና የጥሩዬን ጉዳይ አስረዳሁ፤ ማኅበሩ ሠርጉን ያስቁምልኝ አልኩ። እንደ እናት ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ እኛ መሬት ላራሹ ብለን ስንወጣ እናንተ አልተወለዳችሁም። ሁሉም በጊዜው ነው። ዘንድሮ ምርጫ አለ፤ ገበሬውን አናስቀይም። እናንተ ተተኪዎቻችን ናችሁ፤ ተራችሁ ሲደርስ ትሠሩታላችሁ።»

«የእኔስ ተራ ይቆይ፣ እትዬ። የጥሩዬ ሠርግ ግን ለጥር ነው።»

ከኋላዬ ከተጋበዙት ወንዶች አንዱ «ተራው የሙሽራዋ ነዋ» አለ። አዳራሹ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ።

አቤት ያልኩባቸው ቢሮዎች ሁሉ የእሳቸውን ይሁንታ ጠበቁ። ጥር ገባ። ጥሩዬን በካባ ጠቅልለው በበቅሎ ወሰዷት፤ እግሯ እርካቡ ላይ አልደረሰም። ወይዘሮ ብርነሽ ዳሱ ውስጥ ከክብር እንግዶች ጋር ተቀምጠው ጠላ ይጠጡ ነበር። መቀመጫዋን ለማንም አልሰጠሁም፤ እስከ ሰኔ ባዶውን ቆየ። ያ ትውልድ መሬትን ከባለርስት አስለቀቀ፤ ወንበር መልቀቅን ግን አልተማረም።

ያለፈው ሳምንት ስብሰባም ያው ነበር። አንዲት ልጅ እግር መምህርት ስለ አንዲት ተማሪዋ ልትናገር ተነሣች። ሰብሳቢዋ፣ በእኔው ዕድሜ ያሉ ሴት፣ «ልጄ፣ ተራሽ ሲደርስ» ብለው አስቀመጧትና «ለልምድ ያህል» ብለው ማይክሮፎኑን ለእኔ ላኩልኝ።

ተቀበልኩ። ንግግር አላደረግሁም። ወደ ኋላ ሄጄ ማይክሮፎኑን ለልጅቷ ሰጠኋትና «የእኔ ተራ የእሷ ነው» አልኩ።

የሳቀ አልነበረም።