ቆሮቆንዳ የተወተፈበት ኤሲ

ከድሬዳዋ ተነስቼ ቦንጋ ስገባ፣ ሙያዬ የመኪና ኤሲ መጠገን መሆኑን የሰማ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። ዝናብ በማይጠፋበት፣ ሰው ጋቢ ደርቦ ገበያ በሚወጣበት ከተማ ማን ነው ብርድ የሚገዛው? እኔ ግን ጉም ሲወርድና የመኪና መስታወት ከውስጥ ሲታፈን ኤሲ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ። አየሩን ያደርቀዋል፣ መስታወቱም ይጠራል። ይህን ለሾፌሮቹ ምላሴ እስኪላጥ ብናገርም የሚሰማኝ አልነበረም።

ከሁሉ የባሰብኝ የወደድኳት ልጅ አባት ነገር ነው። ልጅቷ ቦንጋ አስተማሪ ናት፤ ቤተሰቦቿ ያሉት ዋጫ ነው። አባቷ ስለ እኔ ሲነገራቸው፣ «በብርድ አገር ብርድ የሚሸጥ ሰው ልጄን ምን ሊያበላት ነው?» ብለዋል አሉ። አንጀቴ ቢቆስልም ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ሦስት ሽማግሌዎች ለምኜ ላክሁ።

ዋጫ የሚያደርሳቸውን መኪና ከነሾፌሩ ያዋሰኝ አንድ ቡና ነጋዴ ነው። የደብል ጋቢናው ኤሲ ሲከፈት የሚሰጠው ሞቅ ያለ ንፋስ ብቻ ነበር። ቧንቧውን የሳሙና አረፋ ብቀባው መገጣጠሚያው ላይ ተንፈቀፈቀ። የመገጣጠሚያውን ጎሚኒ፣ ቀለበቷን ላስቲክ፣ ቀየርኩ፣ ከጅማ ያስመጣሁትን ጋዝ ሞላሁ፣ ቀዘቀዘ። ሾፌሩንም፣ «ሽማግሌዎቹ ንፋስ ይመታናል ብለው መስኮት አያስከፍቱህም። መስታወቱ ሲታፈን ማሞቂያውንና ኤሲውን አንድ ላይ ክፈት፤ ሳይበርዳቸው ይጠራልሃል» አልኩት። እኔ አብሬ አልሄድም፤ ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን ሲበላ ይውላል።

የሆነውን የሰማሁት ሲመለሱ ነው። ሾፌሩ ጠዋት ኤሲውን ሲሞክር ከመኪናው ስር ውሃ ሲንጠባጠብ ያያል። ጥገናዬ የተበላሸ መስሎት፣ የአረቄ ጠርሙስ እንደሚከደነው አድርጎ የበቆሎ ቆሮቆንዳ ጠርቦ ውሃው የሚወጣባት ትንሽ ቱቦ ውስጥ ይወትፋል።

«እንዳታፍር ብዬ እኮ ነው!» አለኝ።

መውጫ ያጣው ውሃ ሲጠራቀም ቆይቶ፣ ዋጫ መዳረሻ ቁልቁለት ላይ ከዳሽቦርዱ ስር ይዘረገፋል፤ ያውም ጋቢና የተቀመጡት ትልቁ ሽማግሌ እግር ላይ።

ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ደጅ ቆሞ ይለምናል። የልጅቷ አባት ደግሞ ከቆሙበት ሊያሰናብቷቸው ቆርጠው ነበር። በሩን ሲከፍቱ ግን ትልቁ ሽማግሌ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሶ ይንቀጠቀጣሉ።

«ዝናብ አገኛችሁ?»

«ኧረ መኪና ውስጥ ነው!»

አባትየው ነገሩ ባይገባቸውም ጎትተው አስገቧቸው፣ እሳት ዳር አስቀመጧቸው፣ ጫማቸውን በእጃቸው አወለቁላቸው። ባዶ እግሩን የተቀመጠ እንግዳ እንዴት ይባረራል? ቆጮ ቀረበ፣ ጫማው እስኪደርቅ ልመናው ተሰማ። ሲለያዩ፣ «መልሱን ቅዳሜ ቦንጋ መጥቼ ለራሱ እነግረዋለሁ» አሉ።

ያን ሳምንት እህል በአፌ አልዞረም። ሾፌሩን ቆሮቆንዳውን ላስውጠው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቅዳሜ አባትየው ጋራዡ በር ላይ ቆመው፣ ሰላምታዬን ሳልጨርስ፣ «ያን ውሃ አሳየኝ» አሉ። ነጋዴው መኪናውን አመጣልኝና ሞተሩን አስነስቼ ኤሲውን ከፈትኩ። ጥቂት ቆይቶ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ከስሩ ዘረጉ።

«ማን ሞላው?»

«ማንም አልሞላውም፣ አባባ። የጉሙ፣ የተሳፋሪው ትንፋሽና የጋቢው እርጥበት ነው። ኤሲው ከአየሩ ለይቶ በዚህች ቱቦ ያወጣዋል። ያን ቀን ቱቦዋ ተወትፋ ነበር።»

«እንግዲያ ሽማግሌውን ያበሰበሳቸው የራሳቸው ትንፋሽ ነው?»

«የሦስቱም ነው። መንገዱን ሙሉ ልመናውን ሲለማመዱ ነበር አሉ።»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ለአንተ ብለው ይህን ያህል ከተነፈሱ፣ እኔ እምቢ የምልበት ትንፋሽ ከየት አመጣለሁ?»

እጄን እንኳ ሳልጠርግ ተደፍቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ቀና ስል ጣቶቼ በሙሉ ሱሪያቸው ላይ በጥቁር ግራሶ ታትመዋል። በሰርጋችን ቀን ቤተዘመዱ ሁሉ አዲስ ልብስ ለብሶ ሲመጣ፣ እሳቸው ያንኑ ሱሪ ሳያሳጥቡ ለብሰው መጡ።