ስለ ዋና ባጅ ያስገባሁት አቤቱታ

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። ከሰሜኑ የድንበር ጦርነት በፊት እንደሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ይሁን ሦስት፣ እሱ ነው የጠፋብኝ። ወሩ ጥቅምት ይመስለኛል። ዝናቡ ቆሞ ነበር፣ የሐዋሳ ሐይቅ ግን ገና እንደሞላ ነው፤ ማለዳ ማለዳም ከውሃው ላይ የሚነሳው ብርድ አጥንት ይነካል።

ነገሩን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት ያየሁት ነው። ዓሣ ልገዛ ወደ ሐይቁ ወርጄ ሳለ፣ ሰው የሚያዝናና አንድ የሞተር ጀልባ በአጥማጅ መረብ ላይ ሲያልፍ አየሁ። አጥማጁ ታንኳው ላይ ቆሞ እጁን እያወናጨፈ ይሳደባል፤ ጀልባው ላይ ያሉት ደግሞ ሰላምታ የሰጣቸው መስሏቸው እጃቸውን ያውለበልቡለታል። አጠገቤ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ የሚበልቱት ሰዎች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ እስክደርስ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።

አባቴ ከወላይታ መጥቶ ሐይቁ ዳር የሰፈረ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ እናቴ የቱላ ሴት ናት። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ አቆምኩ። ስሜን እጽፋለሁ፣ የሱቅ ማስታወቂያ ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ ከዚያ ሲረዝም ይደክመኛል። መዋኘትን ግን ማን እንዳስተማረኝ እንኳ አላውቅም፤ ከመራመድ ጋር አብሮ የመጣ ነው የሚመስለኝ። አባቴ ስለ ሐይቁ ብዙ አይናገርም፤ በአንድ ነገር ግን ቀልድ አያውቅም ነበር። በሰው መረብ ላይ አይታለፍም፤ በታንኳም፣ በዋናም። በላዩ ያለፈ ሰው አንድም እግሩ ይያዛል፣ አንድም ሌባ ይባላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ነግሮኝ አያውቅም። መረብ ያየ ዞሮ ይሄዳል፣ በቃ። ይህን ከሀ ሁ በፊት ነው የተማርኩት።

ወታደር ከሆንኩ በኋላ ክፍላችን ሐዋሳ አጠገብ ሰፍሮ ሳለ፣ ጦር ወንዝ የሚያሻግሩ ሰዎች ያስፈልጋሉ ተብሎ የዋና ሥልጠና ተጀመረ። ፈተናውን ያለፈ ደረቱ ላይ የሚያደርጋት ትንሽ ባጅ አለች፤ ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ሞገድ የተሣለባት። ባጅ ያገኙት አሠልጣኝ ሆነው እዚያው ሐዋሳ ይቀራሉ፣ የቀረው ወደ ሩቅ ቦታ ይዛወራል ተባለ። ለእኔ ጉዳዩ ይሄ መቅረት ነበር። ባለቤቴ ወርቅነሽ እናቴ ቤት ቱላ ሆና የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሰባት ወሯ ነው። እሁድ ፈቃድ ሳገኝ በጋሪ፣ ጋሪ ሲጠፋ በእግሬ እሄዳለሁ። እናቴ ከቆጮ የሚሠራውን ቡርሳሜ በቅቤ አርሳ ትጠብቀኛለች፤ እስክጠግብ ሳይሆን እስክትጠግብ ድረስ ነው የምታበላኝ። ወርቅነሽ ግን የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስወልድ ትኖራለህ ወይ ትለኛለች። እኔም ነገሩ በዋና ከሆነማ ምን ችግር አለ እላታለሁ።

አሠልጣኛችን ኃይሉ የሚባል ነባር ታጋይ ነበር። ዋና የተማረው በትግሉ ጊዜ የሞላ ወንዝ ሲሻገር ነው። ጥብቅ ሰው ነው፤ ሆኖም ከሰልፍ በፊት የሁላችንንም እግር እየዞረ ያያል፣ የቆሰለ ካለ ይመልሳል። በፈተናው ማለዳ ሐይቁ በሚጠብበት በኩል ከዚህኛው ዳር እስከ ማዶው ሾላ ድረስ ቢጫ ጀሪካኖች በሁለት ረድፍ ተንሳፍፈው መንገድ ተሠራ። የእንጨት ጠብመንጃ ጀርባችን ላይ ታሰረ። ትዕዛዙ አጭር ነው፤ በሁለቱ ረድፍ መካከል ዋኝተህ ማዶ ትደርሳለህ። ኃይሉ በጀልባ ሆኖ ይከታተላል።

ግማሹን እንዳለፍኩ ከፊቴ የተቆራረጠ የላስቲክ ጫማ ተንሳፍፎ አየሁ። ለሌላው ሰው ቆሻሻ ነው። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ አጥማጆች የመረባቸውን ጫፍ ከላይ የሚያንሳፍፉት በዚያ ነው። አንዱ ሰው ማታ መረቡን ጥሎ ሄዷል፤ ጀሪካኑ ደግሞ ንጋት ላይ መጥቶ በላዩ ተዘርግቷል። እውነቱን ለመናገር አላሰብኩም። ክንዴ ራሱ ዞረ። ከረድፉ ወጣሁ፣ መረቡን በዳር በኩል ዞርኩት፣ ተመልሼ ገባሁ። እንደዚያም ሆኖ ሁለተኛ ደረስኩ። ሌሎቹ በላዩ አልፈው መጡ፤ መረቡ ወደ ታች ሰጥሞ ስለነበር የማንንም እግር አልያዘም።

ከሰዓት በኋላ ስም ሲጠራ ዘጠኝ ሰው አለፈ። የእኔ ላይ ሲደርስ «ከመስመር ወጥቷል፣ አላለፈም» ተባለ። ጓደኞቼ ወሬ አገኙ። በማግስቱ ምሳ ሰልፍ ላይ አንዱ ሳህኑን እንደያዘ ጠጋ ብሎ፣ «አምባዛዎቹ እንዴት ናቸው? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው?» ይለኛል። እንግዲህ ጎራ ብዬ የጠየቅኋቸው ዘመዶቼ ዓሦቹ መሆናቸው ነው።

ለኃይሉ ስለ መረቡ ልነግረው ሞከርኩ። መስመር መስመር ነው፣ ውጊያ ላይ ዞሬ ልምጣ አይባልም አለኝ። ቅሬታ ካለኝ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ለሻምበሉ አዛዥ ማቅረብ መብቴ እንደሆነም ራሱ ነገረኝ።

በጽሑፍ ሲለኝ ነው የጨነቀኝ። ካምፑ ውስጥ የሚጽፍልኝ አይጠፋም ነበር፤ አለመቻሌ እንዳይታወቅብኝ አፈርኩ። ስለዚህ ከተማ ወጥቼ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ዛፍ ሥር ጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄድኩ። የእሱ ሥራ የሰው ማመልከቻ መጻፍ ነው፤ የመሬት፣ የፍቺ፣ የውርስ። ስለ መረቡ ስነግረው ግማሹን ሰማኝ። ቀጥሎ አሠልጣኙ የየት አገር ሰው ነው አለኝ፤ ነገርኩት። የአንተስ ብሔር አለኝ፤ ነገርኩት። ቅጽ የሚሞላ መሰለኝ እንጂ ሌላ ነገር በሐሳቤ አልመጣም። በዚያ ጊዜ በሄድንበት ሁሉ ብሔር እንጠየቅ ስለነበር ጥያቄው ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈ። ምን አልክ ብለው፣ «ግዴለህም፣ ይሄ እንቅልፍ ይነሳቸዋል» አለኝ። ፈረምኩ።

የሻምበሉ አዛዥ ወረቀቱን እፊቴ አነበበው። አንዴ አየኝ፣ እንደገና አነበበው። ቅዳሜ ግምገማ ላይ እናየዋለን አለና አጠፈው። እኔ ሞኙ ደስ ብሎኝ ወጣሁ፤ ነገሬን አክብሮ የያዘልኝ መስሎኝ። ግምገማ የሚባለው ሁሉም ክብ ሠርቶ ተቀምጦ አንዱ ሌላውን፣ በኋላም እያንዳንዱ ራሱን የሚተችበት ስብሰባ ነው። ሰው እዚያ ገብቶ ከሥልጣኑ ወርዶ ይወጣል፤ ከሠራዊቱ ተሰናብቶ የወጣም አለ።

ሐሙስ ዕለት የሻምበሉ ጸሐፊ አስጠራችኝ። እንደ እኛው ወታደር ናት፤ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከታይፕ መኪናዋ ጋር ትውላለች። ከሰላምታ በቀር አውርተን አናውቅም። ማመልከቻህን አንብበኸዋል ወይ አለችኝ። ፈርሜዋለሁ አልኳት። አለማንበቤ ገባት መሰለኝ፣ በሩን መለስ አድርጋ ዝቅ ባለ ድምፅ ታነብልኝ ጀመር። «አሠልጣኙ የእኔ ብሔር ተወላጆች ባጅ እንዳያገኙ በማሰብ፣ በጥላቻና በቂም ተነሳስተው…» እያለ ይቀጥላል። መረቡ ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ብቻ ተጠቅሷል። ያ በዚያን ጊዜ ቀላል ክስ አይደለም፤ እውነት ከሆነ ኃይሉን ያጠፋዋል፣ ውሸት ከሆነ እኔን።

ቀዳድጂልኝ አልኳት። አዛዡ ያነበበው ወረቀት አይቀደድም አለች። ይልቅ የሆነውን ንገረኝ ብላ ወንበር ሳበችልኝ። ነገርኳት። ኃይሉ አይወደኝም ያልኩበት ቦታ ላይ አቆመችኝ።

«አለመውደዱን በምን አየኸው?»

«ፊቱን አጥቁሮብኛል።»

«ለማን አብርቶ ያውቃል?»

አሰብኩት፤ ለማንም። «እንግዲያው ከታሪኩ ይውጣ» አለች። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። በነገርኳት ቁጥር ታሪኩ እያጠረ ሄደ፤ በመጨረሻ ጀሪካኑ፣ ጫማው፣ መረቡና የአባቴ ትእዛዝ ብቻ ቀሩ። ግማሽ ገጽ ሆነ። በታይፕ መትታ ቃል በቃል አነበበችልኝና፣ ቅዳሜ ማንም ሳይጠይቅህ አንተ ቀድመህ ተነሳ፣ ስለ ፊርማህ አታመካኝ አለችኝ።

ቅዳሜ ካምፑ ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ኃይሉ ወሬው ደርሶታል፤ መሬት በእንጨት ይጭራል። ሰብሳቢው ንግግሩን ሳይጨርስ እጄን አወጣሁ።

«ጓድ አዛዥ፣ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያለው ቃል የእኔ አይደለም፤ ፊርማው ግን የእኔ ነው። ሳላነብ ፈርሜያለሁ። አሠልጣኙ በብሔሬ በድሎኝ አያውቅም። የእኔ ቃል ይሄ ነው» ብዬ ግማሽ ገጹን ሰጠሁ።

ከኋላ አንዱ፣ አራተኛ ክፍል ድረስ የተማረ ሰው ለምን አያነብም አለና ጥቂቶች ሳቁ። አዛዡ ዝም አሰኛቸው። አዲሱን ወረቀት ካነበበ በኋላ ወደ ኃይሉ ዞሮ ያን የጫማ ቁራጭ አይተኸዋል ወይ አለው። ኃይሉ እንጨቱን አስቀመጠ።

«አይቻለሁ። ቆሻሻ መስሎኝ ነው። እኔ የማውቀው ወንዝ ነው፣ በእኛ ወንዝ መረብ አይጣልም። አጥማጆቹን መጠየቅ ነበረብኝ። ቢሆንም ልጁ ከመስመር ወጥቷል።»

ልጁ ያለው እኔን ነው፤ እውነቱንም ነበር። እኔም እዚያው ወጥቻለሁ አልኩ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ተራ በተራ ተገመገምን፤ እኔ ባላነበብኩት ላይ በመፈረሜና የሰው ስም በማጥፋቴ፣ እሱ ቦታውን ሳይመረምር በመፈተኑ። ውጤቱ እንዳለ ይቆይ፣ ነገር ግን ሰኞ ብቻውን ድጋሚ ይፈተን ተባለ። ማስጠንቀቂያም ተጽፎ በፋይሌ ገባ።

ሰኞ ጠዋት ነፋስ ነበር፤ ውሃው አፌ እየገባ አስቸገረኝ። ኃይሉ እሁድ ራሱ ወርዶ አጥማጆቹን አነጋግሮ መንገዱን አስለቅቋል። ከጀሪካን ጀሪካን አንድ ክንድ እንኳ ሳልወጣ ማዶ ደረስኩ። ባጁን ሲያደርግልኝ እንደልማዱ ፊቱ ጨለማ ነው። ቀበቶዬን አስተካከለና፣ «ነገ ከሥልጠና በፊት መረብ እንዴት እንደሚታወቅ ታሳየኛለህ» አለኝ። አሳየሁት። እስከ በልጉ ድረስ አብረን አሠለጠንን።

ልጃችን ታኅሣሥ ላይ ተወለደች። እኔ በር ላይ ነበርኩ፤ እናቴ ውሃ አምጣ፣ እንጨት አምጣ እያለች ስታሯሩጠኝ፣ ሁሉንም አምጥቼ ስጨርስ ደግሞ ከዚህ ጥፋ ስትለኝ። የልጅቷን የመጀመሪያ ለቅሶ ከውጭ ሆኜ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ሩቅ ተዛውሬያለሁ፣ ጦርነቱም መጥቷል፤ የመጣው ሁሉ ከእሷ መወለድ በኋላ ስለመጣ ግን አልከበደኝም ማለት እችላለሁ።

ባጁ አሁን የት እንደገባ አላውቅም። የቀረኝ ልማድ ነው። በእድርም በቀበሌም ወረቀት ሲቀርብልኝ፣ አንብቡልኝ እላለሁ። ወጣቶቹ ይሰለቻሉ፤ «አባባ፣ ሁሉም ፈርሟል እኮ፣ እርስዎ ብቻ ነዎት የቀሩት» ይሉኛል። ሁሉም ሲፈርም ነው የምፈራው እላቸዋለሁ፤ ይስቁና ያነቡልኛል። አንዳንዴ እያነበቡ ሳሉ ራሳቸው ይቆማሉ፤ ይሄማ አልተባለም ይባባላሉ። ሰው በደሉን ሲናገር ያልደረሰበትንም ደርቦ የሚናገረው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የደረሰበት ብቻውን የሚያንስ እየመሰለው ነው። እኔም መስሎኝ ነበር። ግማሽ ገጽ እንደሚበቃ ያሳየችኝ፣ ከጦርነቱ ወዲህ የት እንዳለች ጠይቄ ያጣኋት፣ የዝዋይ ልጅ፣ የሻምበላችን ጸሐፊ አስካለ ናት።