በሣልስቱ የደረሰ ጫማ

ወንድሜን ኦክላንድ ቀብረን፣ በሣልስቱ ቤታችን በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሰው የለም። ካርቶን ብቻ። ላዩ ላይ የወንድሜ ስም ተጽፏል።

ውስጡ ጫማ ነበር። ነጭ፣ ከሥሩ የብረት ጥርስ ያለው የክሪኬት ጫማ። ፍሪዌይ ላይ በመኪና አደጋ ከመሞቱ በፊት ያዘዘው ነው። ጨዋታውን ያስለመዱት ፍሪሞንት ፋብሪካ ውስጥ አብረውት የሚሠሩ ሕንዶች ናቸው። የኛ ሰዎች ያን የሚመታበትን ሰፊ እንጨት፣ ባቱን፣ ተሸክሞ ሲወጣ ሲያዩት "ዛሬስ ወዴት ልትቀዝፍ ነው?" ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይሥቃል።

አክስቴ ካርቶኑን አየችና "መልሱት" አለች። "የሟች ጫማ ቤት አይቀመጥም።"

"አልተጫማውም እኮ።"

"ታዲያ የማን ነው?"

ካርቶኑን አንሥቼ ገባሁ። አልጋዬ ሥር ደበቅኩት።

በማግስቱ የክሪኬት ቡድኑ አለቃ ሊያስተዛዝነን መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ጥግ ተቀመጠ። ስሸኘው፣ ቅዳሜ ሳን ሆዜ ውድድር እንዳላቸው፣ በወንድሜ ቦታ ሰው እየፈለገ እንደሆነ ነገረኝ። "እኔ አለሁ" አልኩት። ተጫውቼ አላውቅም። ግን እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ሲቆም ማሰብ አልቻልኩም። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ከዚያ "ኦኬ፣ ቅዳሜ" አለኝ።

ይህ ለእማዬ እንዴት ይነገራል? ዐርባው ሳይወጣ? ጥግ ይዤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አጎቴ አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ምነው ተዘጋህ? ተጫወት እንጂ!"

ለቅሶ ቤት ተጫወት ማለት አውራ ማለት ነው። በልጅነቴ እዚህ ብመጣም ይህን አላጣሁትም። ግን ሌላውን ትርጉም ልስማ አልኩ። ፈቃድ አድርጌ ያዝኩት።

መኝታ ቤት ገባሁ። ጫማው ሰፋኝ፤ ሁለት ካልሲ ደረብኩ። ኳሱን ሌላ ካልሲ ውስጥ ከትቼ፣ ወንድሜ ለልምምዱ ጣሪያው ላይ ካበጀው መንጠቆ አንጠለጠልኩት። እሱ ሲለማመድ ኳስ የምወረውርለት እኔ ነበርኩ። ብዙ ጊዜ ስልኬን እያየሁ፣ "ይበቃሃል" እያልኩ። አቋቋሙን ግን አውቀዋለሁ። ባቱን ይዤ እንዳየሁት ቆምኩ። ሳትኩ። ደግሞ ሳትኩ። ከዚያ መታሁት። ኳ! ኳሱ ሄዶ ግድግዳው ላይ አረፈ።

ሳሎኑ ጸጥ አለ። አጎቴ በሩን ከፈቱት።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ተጫወት አሉኝ እኮ፣ ጋሼ።"

"አውራ ማለቴ ነው! ሰው ሰምቶ ምን ይለናል?"

ከኋላቸው አክስቴ ሣቋ አመለጣት፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ያን ጊዜ ከሳሎን የእማዬ ድምፅ መጣ። ከቀብሩ ወዲህ "ውኃ ስጡኝ" ከማለት በቀር አልተናገረችም ነበር።

"ተዉት። ይምታ።"

እስከ ቅዳሜ መታሁ። ጠዋትም ከሰዓትም። ምንጣፉን በጫማው ጥርስ ቀደድኩት። ማንም አልተቆጣኝም፤ የቅዳሜውን ውድድር ስነግራቸውም።

ቅዳሜ አጎቴ በታክሲያቸው ወሰዱኝ። ተራዬ ሲደርስ ሜዳው መሃል ገብቼ ቆምኩ። ተጋጣሚዎቻችን ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ ከቦታቸው ተነሥተው ወደ ማዶ ተሻገሩ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አለቃችን ከዳር ጮኸ።

"ግራኝ ነህ እንዴ?"

አይደለሁም። ወንድሜም አልነበረም። ለካ የተሻገሩት ግራኝ የሚመታው ኳስ ወደዚያ ስለሚሄድ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ስወረውርለት ሁልጊዜ የማየው ከፊት ለፊቱ ሆኜ ነው። መስተዋት እንደሚያይ ሰው፣ ቀኙን በግራ ገልብጬ ተምሬዋለሁ። ያን ሁሉ ቀን። ዞሬ ልቁም ስል ኳሱ መጣ። እግሬ ሣሩን ነክሶ ቀረ። ከኋላዬ የተተከሉት ሦስት እንጨቶች ሲፈርሱ ሰማሁ። እነሱ ከፈረሱ አለቀ፤ ትወጣለህ።

"ሌላ ቅዳሜ ስጠኝ" አልኩት አለቃውን። "አሁን ገብቶኛል። በትክክል እቆማለሁ።"

ትከሻዬን ያዘኝ። "ለሚቀጥለው ውድድር ሰው አግኝቻለሁ። አንተ ከእናትህ ጋር ሁን።"

"አንድ ቅዳሜ ብቻ።"

"ይቅርታ።"

እጁን ይዤ አልለቅ አልኩ። አጎቴ መጥተው ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቁ።

መኪና ውስጥ ገባን።

"እናትህ ትጠይቃለች" አሉ።

"አንድ ኳስ ነው የቆምኩት።"

"አንድም ቢሆን ቆመሃል፣ ልጄ።"

"አልያዝኩለትም፣ ጋሼ። ቦታውን አልያዝኩለትም።"

ቁልፉ እጃቸው ላይ ነበር። መኪናውን አላስነሡትም።