አባዬ ሁዳዴን የሚያሳልፍበት ከበሮ

ዛሬ ጠዋት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባለው የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ከበሮ መታሁ። በሁዳዴ!

አንዴ ብቻ ነው የመታሁት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ከበሮው አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ሲመታው የኖረ ነው። ካረፈ ሁለት ወሩ። ድምፁ ናፍቆኝ ነው።

እኔም የኦርኬስትራ ከበሮ መቺ ነኝ። የእኛን ቲምፓኒ ቆዳ የምንወጥረው በፔዳል ነው፤ የአባዬን የሚወጥረው ፀሐይ ነው። ይህን ሁሉ አውቄ፣ በዐቢይ ጾም ከበሮ እንደማይመታ ረሳሁት። (የቤተ ክህነት ልጅ ተብዬ!)

የአባዬ ጓደኛ መሪጌታ ግን አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ከበሮውም እስከ ፋሲካ ያርፋል» አሉኝ። «ይልቅ እጅህን ቆዳው ላይ አሳርፍና ዝም በል።»

ካህናቱ ዜማውን ሲያነሱ፣ ማንም ያልመታው ቆዳ መዳፌ ሥር ተንቀጠቀጠ።

ድምፅ የተወጠረ ቆዳን እንደሚያንቀጠቅጥ ለተማሪዎቼ ስንቴ አስተምሬያለሁ። ዛሬ ግን እንባዬ ቀደመኝ።

አባዬ ጾሙን ሙሉ እጁን ከበሮው ላይ ጥሎ ይቆም ነበር። ልጅ ሆኜ ደክሞት ይመስለኝ ነበር። ለካ እየሰማ ነው።

እናንተስ፣ ካረፉ በኋላ የገባችሁ የወላጆቻችሁ ልማድ አለ? እስቲ ጻፉልኝ።